ስልክ የሌለውን ተማሪ ያልዘነጋ ቴክኖሎጂ

(ለየቲም ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ለሚሰጡ መምህራን የተደረገ ንግግር)





እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «መምህሩና ዘመናዊው ቴክኖሎጂ» የሚል ነው። በዚህ ርእስ የሚደረጉ ንግግሮች ብዙውን ጊዜ ስለ ዓለም መለወጥ በሰፊው አውርተው፣ መምህሩ ነገ ጠዋት ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሠራ ሳይነግሩት ያበቃሉ። እኛ አብዛኞቻችን አንድ ስልክ፣ ጥቂት ዳታና ደጋግሞ የሚጠፋ መብራት ያለን መምህራን በመሆናችን ንግግራችንን በዚሁ ልክ እናደርገዋለን። የምናስተምራቸው ልጆችም አባታቸውን፣ አንዳንዶቹም ሁለቱንም ወላጆቻቸውን ያጡ ናቸው። ስለዚህ ማንኛውንም መሣሪያ ከመቀበላችን በፊት አንድ ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባናል፦ ይህ ነገር በቤቱ ስልክ ለሌለው ልጅ ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞክሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ከአያቷ ጋር የምትኖር አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችን። በቤቱ የነበረው አያቷ የሚደውሉበት ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ነው። አንድ የጎረቤት ወጣት ማታ ከሥራ ሲመለስ ስልኩን ለግማሽ ሰዓት ያውሳታል። እርሷም በዚያች ግማሽ ሰዓት መምህራኑ የላኩትን ፎቶግራፍ አውርዳ ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች። አንዱ ፎቶግራፍ ተዘቅዝቋል፤ ሌላው ደብዝዞ አይነበብም፤ ሦስተኛው ደግሞ ከብዶ እስኪወርድ ድረስ ሰዓቷ ያልቃል። የላኩት መምህራን ትጉሃን ነበሩ፤ ነገር ግን መልእክቱ የሚደርሰው በማን እጅና በምን ዓይነት ስልክ እንደሆነ አላሰቡም።

እንግዲህ ከዚሁ ከምንልከው ነገር እንጀምር። ከመጽሐፍ ወይም ከደብተር ገጽ ማንሳት ካስፈለገን በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገን ይሁን። ከተራው ካሜራ ይልቅ በጉግል ድራይቭ ውስጥ ያለውን የሰነድ ማንሻ ብንጠቀም የገጹን ጠርዝ ራሱ ቆርጦ፣ ጥላውን አንጽቶ፣ አሥሩን ገጽ በአንድ የፒዲኤፍ ፋይል ያደርግልናል። ተማሪው አሥር ጊዜ ከማውረድ አንድ ጊዜ ያወርዳል፤ ፋይሉም በፍላሽ ተገልብጦ ማተሚያ ቤት ሊወሰድ ይችላል። የቃል ማብራሪያ ሲያስፈልግም ቪዲዮ ከመቅረጽ ይልቅ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ መልእክት መላክ ይበቃል፤ የሚፈጀው ዳታ ከቪዲዮው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

በዕድሜ የገፋን መምህራንን የሚያስቸግር አንድ ነገር እዚህ ላይ እናንሳ። ለብዙ ዓመታት ያዘጋጀናቸው ፈተናዎችና ማስታወሻዎች በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደላት የተጻፉ ናቸው። ዛሬ በስልክ ስንከፍታቸው አማርኛው ጠፍቶ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይመጣል። ብዙዎች ፋይሉ የተበላሸ መስሏቸው ይሰርዙታል፤ ነገር ግን አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። የቀድሞዎቹ ፊደላት የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው የአማርኛ ቅርጽ የሚያሳዩ ስለነበሩ፣ ፊደሉ ባልተጫነበት መሣሪያ ላይ ከሥር ያለው ምልክት ይገለጣል። መፍትሔው ፊደሉ በተጫነበት ኮምፒዩተር ከፍቶ ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ፒዲኤፉ የፊደሉን ቅርጽ ይዞ ስለሚሄድ በማንኛውም ስልክ ይነበባል። አዲስ የምንጽፈውን ግን በዩኒኮድ እንጻፍ። ለኮምፒዩተር ኪይማን፣ ለስልክ ጂቦርድ የአማርኛ መጻፊያ አላቸው፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የሃያ ዓመት የፈተና ክምችት ቀላል ሀብት አይደለም፤ የያዘው ኮምፒዩተር ሳይሞት ይለወጥ።

ቀጥሎ የምንናገረው ዛሬ ከምናነሳው ሁሉ በላይ ይጠቅማል ብለን የምናምነውን ነው። ብዙ ሰው ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ይመስሉታል። ዋይፋይ በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ያለ ገመድ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ይህን ከተረዳን አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ክፍል ቤተ መጻሕፍት ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን።

ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ያዘጋጀው ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ትምህርቱን ወደ ላፕቶፑ እንጭናለን። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑንና አንድ አነስተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ፣ ማሰራጫው ከሌለም የስልክ ሆትስፖት ይዘን ክፍል እንገባለን። ተማሪዎቹ በክፍሉ ባሉት ስልኮችና ታብሌቶች ተገናኝተው ቪዲዮውን ያያሉ፤ መልመጃውን ይሠራሉ፤ አንድ ሳንቲም የዳታ ወጪ የለበትም። በውስጡ ከሚጫኑት መካከል ሰልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2008 የመሠረተው የካን አካዳሚ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ይገኝበታል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ለታችኛው ክፍል እንቅፋት ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን የመማሪያ ቋንቋው ራሱ እንግሊዝኛ በመሆኑ ተማሪው በቪዲዮው፣ መምህሩ በአማርኛው እየተጋገዙ ይሄዳሉ። ሁሉን ልጫን የሚል ግን ላፕቶፑን ሞልቶ ይቀመጣል፤ የመንፈቁን ምዕራፎች ብቻ መርጦ መጫን ይበጃል። አንዱ መምህር የጫነውን ሌላው ያለ ኢንተርኔት ከእርሱ ላፕቶፕ ወይም በፍላሽ መቀበል ይችላል። ይህ እንደ ድሮው መጽሐፍ መዋዋስ ነው።

ከኮሊብሪ ጋር የሚመሳሰለው ኪዊክስ ነው። ዊኪፔድያንና ሌሎች ገጾችን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔድያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ የአማርኛው ግን ትንሽ ስለሆነ ተራ ስልክ ይይዘዋል። ትንሽነቱ ለእኛ ለአማርኛ መምህራን የቤት ሥራ ነው፤ ስለ አካባቢያችን ወንዝና ታሪክ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል።

ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ፌት የተባሉት የሳይንስ ማሳያዎች አሉ። በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሥራ ነው። ባትሪውን፣ ሽቦውንና አምፖሉን ተማሪው ራሱ በጣቱ እየጎተተ ያገናኛል፤ ሁለተኛ ባትሪ ሲጨምር አምፖሉ ሲደምቅ ያያል፤ ሽቦውን ሲያላቅቅ ይጠፋል። ብዙዎቻችን የኦምን ሕግ በሰሌዳ ላይ በሦስት ፊደል ጽፈን አስሸምድደናል፤ ልጁ ግን ፊደሎቹ አምፖል ላይ ምን እንደሚሠሩ አላየም። ማሳያዎቹ ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ በኪዊክስም ይገኛሉ። የሒሳብ መምህራንም ጂኦጀብራን እንዲሞክሩ እንመክራለን፤ የአንድ ቀጥታ መስመር ቀመር ሲለወጥ መስመሩ እንዴት እንደሚዘም በዓይን ያሳያል።

ስለ ጥያቄና መልስ ጥቂት እንበል። በመድረሳ የተማርን ሰዎች ለውሁን እናስታውሳለን። ልጁ በእንጨቱ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ለኡስታዙ ያሳያል፤ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል፤ ከዚያ ይታጠባል። የዛሬው ክፍል 60 ተማሪ ይዞ ይህን ፈጣን እርማት አጥቷል። እጁን የሚያወጣው ሁልጊዜ ያው አምስት ልጅ ነው፤ ዝምተኛው የቲም ደግሞ የተረዳ መስሎ ያልፋል። ፕሊከርስ የተባለው ዘዴ ለዚህ መልስ አለው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የታተመ ካርድ ይሰጣል፤ ተማሪው የመረጠውን መልስ ወደ ላይ አዙሮ ያነሣዋል፤ መምህሩ የስልኩን ካሜራ በክፍሉ ላይ ሲያዞር ማን ምን እንደመለሰ ይመዘገባል። ስልክ የሚያስፈልገው መምህሩ ብቻ ነው። ለመምህሩ ስልክ ዳታ ማግኘት የማይቻል ከሆነም ከካርቶን ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት ቁራጮች ለየልጁ ቆርጦ መስጠት ነው። እውነቱን ለመናገር ጥቅሙ አብዛኛው ያለው በካርቶኑ ነው፤ ስልኩ መዝገብ ይይዛል እንጂ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ በ2016 ዓ.ም. ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጠ፤ በ2017 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ የተፈተኑት ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። ይህ ማለት ልጃችን ከትምህርቱ ሌላ መሣሪያውንም ሊፈተን ነው። አባቱ ቢሮ ወስዶት፣ ወንድሙ ላፕቶፕ ገዝቶለት ያደገ ልጅ ማውሱን ሳያስበው ያንቀሳቅሰዋል። የእኛ ልጅ ግን የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሳይለይ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ፣ ገና ጥያቄውን ሳያይ ልቡ ይመታል። ፊዚክሱን ያውቃል፤ ወደቀደመው ጥያቄ መመለሻውን ግን አያውቅም።

ይህን ለማቃለል ትልቅ የኮምፒዩተር ክፍል መጠበቅ የለብንም። ማኅበሩ ባሉት ጥቂት ኮምፒዩተሮች እያንዳንዱ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከፈተናው በፊት ቢያንስ ለአራት ቀን አንዳንድ ሰዓት ቢቀመጥ ብዙ ለውጥ ይኖራል። የመጀመሪያው ቀን ስምና የይለፍ ቃል መጻፍ፣ ማውስ መያዝ ብቻ ይሁን። በቀሩት ቀናት በኮሊብሪ ውስጥ መምህሩ ከሚያዘጋጀው ፈተና እየሰጠን ጥያቄ መዝለልን፣ መመለስን፣ ሰዓት እያዩ መሥራትን እናለማምድ። ውጤቱም በመምህሩ ገጽ ላይ ይታያል። ሴቶች ልጆች በተራ ጥበቃ ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ሰዓታቸው ለብቻው ይመደብ፤ ካልተመደበ ወንዶቹ ወንበሩን እንደማይለቁ ከልምድ እናውቃለን።

ስለ ቴሌግራም ቡድኖቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለን። የተማሪን ውጤት በስምና በደረጃ ዘርዝሮ ለሁሉ በሚታይ ቡድን መለጠፍ፣ እርዳታ ሲቀበል የተነሣውን ልጅ ከነስሙና «የቲም» ከሚል ቃል ጋር ማውጣት ልማድ ሆኗል። ለጋሹን ለማስደሰት የወጣችው ፎቶግራፍ ልጁ አድጎ ሥራ ሲጠይቅም ትከተለዋለች። ሀገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። ውጤት ለየአሳዳጊው በግል ይነገር፤ ስልክ ለሌላቸው አሳዳጊዎች በወረቀት ይላክ። ማስታወቂያ ለመንገር ደግሞ ሁሉ የሚጽፍበት ቡድን ሳይሆን መምህሩ ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ይሻላል፤ በተዋሰ ስልክ የሚገባ ልጅ 200 የሰላምታ መልእክት አልፎ የቤት ሥራውን ሲፈልግ ጊዜው ያልቅበታል።

ብዙዎቻችሁ ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ጠይቃችኋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ነገሩ ሁሉ እርሱ የሆነ ይመስላል። ለመምህሩ ረቂቅ ያዘጋጃል፤ «ስለ ክፍልፋይ ለ6ኛ ክፍል 20 ጥያቄ አውጣልኝ» ቢሉት በቅጽበት ያወጣል። ነገር ግን የተሳሳተውንም እንደ ትክክለኛው በሙሉ ልብ ነው የሚናገረው፤ በአማርኛ ሲሆን ስሕተቱ ይበዛል። እያንዳንዱን መልስ ራሳችን ሳንሠራ ለተማሪ መስጠት አይገባም። የተማሪ ስምና የቤተሰብ ታሪክም አይጻፍበት። ከዚህ በላይ ዛሬ ልናደንቀውም ልናወግዘውም አንፈልግም።

በመጨረሻም ለሥራው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ አዳራሽ የኮሊብሪና የኪዊክስ ፋይሎችን እንገለብጣለን። ቢያንስ 32 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ወይም ሜሞሪ ካርድ ይዛችሁ ኑ፤ ላፕቶፕ ያላችሁ ከነቻርጀሩ አምጡት። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ፈተና ያላችሁም እንዲሁ፤ እዚያው ወደ ፒዲኤፍ ይለወጥላችኋል። ፍላሽ መግዛት የማይችል መምህር ቢኖር ለጸሐፊው አስቀድሞ ይንገር፤ ኢንሻአላህ ይዘጋጅለታል።