በቤት ያለ መሣሪያና የወላጆች ኃላፊነት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጠመንጃ መናገር ደስ የማያሰኝ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በደሴና በኮምቦልቻ፤ በዙሪያቸውም ባሉት ወረዳዎች መሣሪያ የሚገኝበት ቤት ጥቂት ስላልሆነ፤ ልጅና ጠመንጃ በአንድ ጣራ ሥር እንዴት እንደሚኖሩ ከወላጆቻችን ጋራ መነጋገር ይገባናል ብለን አሰብን።

ጠመንጃ በወሎ ቤት ያለ ምክንያት አልተሰቀለም። በኅዳር 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ በዚያ ዘመን ቅድመ አያቶቻችን ለአገራቸው ነጻነት የተዋጉት ጠመንጃቸውን ይዘው ነው። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ጦርነት ወደ ከተሞቻችን በገባ ጊዜም ቤተ ሰቡን ለመጠበቅ ሲል መሣሪያ የተመኘ አባት ብዙ ነበር። ስለዚህ ወላጆቻችንን መሣሪያ ለምን ያዛችሁ ብለን ለመውቀስ አልመጣንም። የመጣነው «በቤት ውስጥ እንዴት ተቀምጦአል?» ብለን ለመጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምሥጢር እንግለጥ። ወላጆች መሣሪያውን ከልጅ የሸሸጉ ይመስላቸዋል። እኛ ልጆች ግን ከፍራሽ ሥር መሆኑን፤ ወይም ከቁም ሣጥኑ በስተጀርባ መቆሙን እናውቃለን። ቁልፉ ከየትኛው ትራስ ሥር እንደሚያድርም እናውቃለን። አባት ወደ ሥራ ሲወጣ፤ እናት ወደ ገበያ ስትሄድ፤ በኮምቦልቻም ሁለቱ በፋብሪካ ፈረቃ ሲውሉ፤ ቤቱ የሚቀረው ለታላቅ ልጅ ነው። ታላቁም ልጅ ያው ልጅ ነው። እንግዲህ መሸሸግና መቆለፍ አንድ አይደሉም።

አባቶች «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይላሉ። በቤት ውስጥ የሚደርሰው አደጋ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ባዶ ነው የተባለውን ጠመንጃ ማንም አይፈራውም። ልጅ ካዝናው ከወለቀ ጥይት የሌለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አስቀድማ የጎረሰች አንዲት ጥይት በውስጡ ቀርታ እንደ ሆነ፤ ቃታው ሲሳብ ትወጣለች። ወንድም በወንድሙ ላይ፤ ጓደኛም በጓደኛው ላይ በጨዋታ አፈሙዝ የሚያዞረው «ባዶ ነው» እያለ ነው። ከዚያ በኋላ ለሞተው ለቅሶ ይቀመጡለታል፤ ቃታውን የሳበውን ልጅ ግን ዕድሜ ልኩን ማን ያጽናናዋል?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ መሆኑን ደንግጎአል፤ ፈቃዱም 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ሕግ የከለከለውን ግን ያልተቆለፈ ሣጥን ይፈቅድለታል። ስለዚህ ልጅ መሣሪያ ቢያነሣ፤ ጥፋቱን በልጁ ላይ ከመጣል በፊት «እጁ በሚደርስበት ስፍራ ማን አስቀመጠው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አንዳንድ ወላጅ «ሌባ በሌሊት ቢመጣ፤ ቁልፍ እስክፈልግ ድረስ ይቀድመኝ የለምን?» ይል ይሆናል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ አናቃልለውም። ነገር ግን ሌባ የሚመጣው ከስንት ጊዜ አንድ ቀን ነው፤ ልጅ ግን ሁልጊዜ በቤት ውስጥ ነው። ቁልፉ ከአባት ወገብ ሳይለይ ቢውልና ቢያድር፤ አባት ይደርስበታል፤ ልጅ አይደርስበትም።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው ይህን ነው።

አንደኛ፤ ከውጭ ሲገቡ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ በመጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፤ ቀጥሎም የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን ከፍቶ በዓይን ማየት።

ሁለተኛ፤ መሣሪያውን በአንድ ስፍራ፤ ጥይቱን በሌላ ስፍራ አድርጎ ሁለቱንም መቆለፍ።

ሦስተኛ፤ «ሂድና ጠመንጃውን አምጣልኝ» ብሎ ልጅን አለመላክ።

አራተኛ፤ በሠርግና በለቅሶ ቤት እንግዳ መሣሪያውን ከግድግዳ አስደግፎ እንዳይተው፤ የቤቱ ባለቤት ያለ ይሉኝታ መንገር።

እኛም በበኩላችን ቃል እንገባለን። መሣሪያ ብናይ አንነካም፤ ጓደኛችን ቢነካ ቶሎ ወጥተን ለታላቅ ሰው እንነግራለን። ጦርነት ባለፈባቸው የአማራና የአፋር ክልል ስፍራዎች፤ በየሜዳው የቀረ ያልፈነዳ ቦምብና ጥይት ያነሡ ልጆች ሞተዋል፤ አካላቸው የጎደለም አሉ። ስለዚህ በሜዳ የወደቀ እንግዳ ብረት ብናይም አናነሣም፤ በድንጋይም አንመታውም።

ክቡራን ወላጆች፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና፤ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ካባችሁን ሳታወልቁ አስቀድማችሁ ያን ስፍራ እዩልን። ጥይቱን ለዩልን፤ ሣጥኑን ቆልፉልን። በሚመጣው ዓመት በዓላችንን ስናከብር፤ ስማችን ሲጠራ ሁላችንም «አቤት» ለማለት እንድንበቃ ፈጣሪ ይርዳን።