ስለ ባለእጅ የሚነገረው ተረት



ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ጋፋት የሚባል ሥፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1867 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተዋል። በዚያ ቀን ብረት ማቅለጥ የመንግሥት ክብር ነበረ። በዚያው በጎንደር ደጋ ግን ማረሻና ማጭድ እየሠራ ገበሬውን የሚያሳርሰው የአገሬው ባለእጅ ቀን ይፈለግ፣ ሌሊት ይፈራ ነበር፤ «ቡዳ ነው፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል» ይባልበት ነበርና። ከቤተ እስራኤል ወገን የሆኑት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎችም ይህን ስም ለብዙ ዘመን ተሸክመውታል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከለከሉ። መልካም ዐዋጅ ነበር። ነገር ግን ዐዋጅ የአደባባዩን ስድብ ቢከለክል፣ አያት በምድጃ ዳር ለልጅ ልጅ የሚተርከውን አይደርስበትም። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች የምንዘነጋው ይህንን ነው።

ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ መርማሪ አስቀድሞ «ተራኪው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የጅቡን ተረት የተረከው ባለርስቱ እንጂ ባለእጁ አይደለም። ርስት የተነፈገ ሰው በእጁ ሥራ አደረ፤ ተረቱ ግን የርስቱን ነገር ሰውሮ ችግሩን የተፈጥሮው ዕዳ አደረገበት።

በህንድ አገር ዳሊት የሚባሉት፣ ትርጓሜውም «የተደቈሱ» ማለት ነው፣ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። በ1950 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሰውን እንደ ርኩስ ቈጥሮ መጸየፍን ሻረ፤ ልማዱ ግን አልተሻረም። በኋላ ዳሊቶች ብዕር አንሥተው ሕይወታቸውን ራሳቸው ጻፉ። ኦምፕራካሽ ቫልሚኪ በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለትምህርት የሄደ ሕፃን መጥረጊያ ተሰጥቶት የትምህርት ቤቱን ግቢ ሲጠርግ እንደ ዋለ ይነግረናል። ያ ሕፃን ራሱ ነበር። አንባቢውም ከዚያ ወዲያ አላየሁም፣ አልሰማሁም ማለት አይችልም።

የእኛዎቹም ተጠይቀው ተናግረዋል። ሐጋር ሳላሞን የተባለች ምሁር ወደ እስራኤል የሄዱትን የቤተ እስራኤል ሰዎች ጠይቃ፣ ስለ ጅቡ ተረት የነገሯትን በ1999 በመጽሐፍ አውጥታለች። በደብረ ታቦር ዙሪያ የቀሩት ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ፋቂስ? ዛሬ በከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሽማግሎቹ ሳያልፉ ደብተር ይዞ ወደ ቤታቸው የሚሄድ፣ ሲቀመጥም በእነርሱ ሸክላ የሚቀርብለትን ቡና ሳይጸየፍ የሚጠጣ ተማሪ ያስፈልጋል።