ነፍሰ ጡር ሴትና የሥራ ማመልከቻ

(ለከተማው ነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የተደረገ ንግግር)



አንዲት በሒሳብ አያያዝ የሠለጠነች ወይዘሮ፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ክፍት የሥራ ቦታ አይታ አመለከተች እንበል። የትምህርት ማስረጃዋ የተሟላ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቷም ያማረ ነው። ነገር ግን ለቃል ፈተና በተጠራች ጊዜ ነጠላዋን እንዴት አድርጋ እንደምትደርብ ስታስብ ታድራለች። ብትናገር ቦታውን ታጣለች፤ ዝም ብትል ደግሞ ኋላ «አታለለችን» ትባላለች። በዚህ ጭንቀት ያለፉ እኅቶች በየከተማው ጥቂቶች አይደሉም።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይፈቅድላታል፤ ቀድሞ በነበረው አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ብቻ ነበር። ይኸው አዋጅ እርግዝና ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ያስረዳል። ሥራ ፈላጊዋ ገና ሳትቀጠር ሁኔታዋን እንድትናገር የሚያስገድድ ቃል ግን አይገኝበትም። ስለዚህ ዝምታዋ እንደ ማታለል ሊቈጠርባት አይገባም።

የአሠሪው ሥጋት ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። የወሊድ ፈቃዱ ደመወዝ የሚወጣው ከመንግሥት ወይም ከጡረታ ገንዘብ ሳይሆን ከአሠሪው ካዝና ነው። ሦስት ሠራተኞች ብቻ ላሉት ነጋዴ የአራት ወር ደመወዝ ከፍሎ ለተተኪም መክፈል ቀላል ሸክም አይሆንለትም። ይህ የሕጉ ጉድለት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ ዳሩ ግን መፍትሔው ነፍሰ ጡሯን ከበር መመለስ ሊሆን አይችልም። «ባል አለሽ ወይ? ልትወልጂ አስበሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ በአንዳንድ ፈታኞች ዘንድ እንደ ጨዋታ ይታያል። ወንዱን አመልካች ግን ሚስቱ መቼ እንደምትወልድ የሚጠይቀው የለም።

ታዲያ መቼ ትናገር? ብዙዎች የሙከራው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ እንድትቆይ ይመክሯታል። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ሲደረግ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚህም ጊዜ አሠሪው «ለሥራው ብቁ አይደለችም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታት ስለሚችል፣ ምክሩ መሠረት አለው። ነገር ግን ቀኑ ይቈጠር። 60 የሥራ ቀን ሁለት ወር ተኩል ያህል ነው። በአራት ወሯ ሥራ የጀመረች ሴት ያን ጊዜ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ያን ደግሞ ነጠላ አይሸፍነውም፤ ተተኪ ለማዘጋጀትም የሚተርፍ ጊዜ የለም። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤዋን በእጇ ካስገባችና የሥራዋ ጥራት ለጥቂት ሳምንታት ከታየ በኋላ፣ ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ሳይወጣ፣ ራሷ ለቅርብ አለቃዋ ብትነግር ይሻላል።

ሥራው ከመርዛም ኬሚካል ወይም ከራጅ ጨረር ጋር የሚያገናኝ ከሆነ ግን መዘግየት አይገባም፤ የምትጠብቀው የራሷን ጤና ብቻ አይደለምና። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳትሠራ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዳይሰጣት አዋጁ ከልክሏል፤ አለቃው ካላወቀ ይህን እንዴት ሊፈጽም ይችላል?

የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ አዋጅ ይተዳደራሉ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉት እኅቶች ደግሞ ከአዋጅ 1156 ውጭ ናቸው፤ እስካሁን የተነገረውም ለእነርሱ ብዙ አይጠቅማቸውም። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ስትነግር በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። የሐኪም ማስረጃ አያይዛ ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት ታስመዝግብ፤ ቀንና ማኅተም ያለበትንም ቅጂ በቤቷ ታስቀምጥ። ስለ እርግዝናዋ የተሰናበተች ሴት ወደ ሥራዋ ለመመለስ አቤቱታዋን ማቅረብ የሚገባት ከተሰናበተችበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ የአራስ ቤት ሦስት ወር ደግሞ እንዴት ቶሎ እንደሚያልፍ የወለደች ታውቀዋለች።