ነፃ ትምህርት፦ ከሕጉ እስከ ልጁ ቦርሳ



ብዙዎቻችን የኢትዮጵያን ጎዳና የምናውቀው በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ወጥታችሁ በነቢያት ጎዳና ትንሽ ብትራመዱ፣ ድሮ የጣሊያን ሆስፒታል የነበረ ያማረ ሕንፃ ታገኛላችሁ። አሁን የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ዛሬ የምንነጋገረው፣ ከዚያ የሚወጣው ደንብ እኛ ቤት እስኪደርስ ምን እንደሚሆን ነው።

የግዴታ ትምህርት ሕግ በ1949 ሲወጣ ከ5 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ በነፃ ይማር ተባለ። በ1984 ደግሞ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች እንዲደርስ ተወሰነ። ተወሰነ እንጂ ገንዘቡ የት አለ? በየዓመቱ ሲገፋ ሲገፋ ቆይቶ፣ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ የዋለው በ2012 ነው፤ እሱም በ2011 ሐምሌ ሕዝቡ በኑሮ ውድነት አደባባይ ከወጣ በኋላ። አስቡት እንግዲህ፤ በዘመቻ ሙሴ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የመጡ ሕፃናት ራሳቸው ወላጅ ሆነው ነበር።

አገር ቤትም ያው ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ አስቀረ፤ በየገጠሩ ተማሪው ጎረፈ። ትልቅ ነገር ነው፣ አንክድም። ግን ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ለትምህርት ቤት ማሠሪያ የሚባለው መዋጮ ከገበሬው ኪስ መውጣቱን አላቆመም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ከብቱን ማን ይጠብቅ?

እዚህ ከብት የለም፤ ወረቀት አለ። መስከረም ላይ ልጁ በቦርሳው ይዞት የሚመጣው «ታሽሉሜይ ሆሪም» የሚለው ዝርዝር። አንዳንዷ እናት ድምሩን አይታ ከአስቤዛ ቀንሳ ትከፍላለች። አንዳንዷ ደግሞ ልጇ እንዳያፍር ብላ የቲዩሉ ዕለት «አሞታል» ብላ ታስቀረዋለች። እኛን ያሳሰበን ይሄ ነው።

ድምሩን ተዉትና ከየመሥመሩ አጠገብ ያለውን ቃል እዩ። «ሆቫ» ግዴታ ነው፤ የአደጋ መድን እንደዚያ ነው። «ረሹት» ግን በፈቃድ ነው፤ የባህል ዝግጅቱ፣ የክፍል ድግሱ፣ ቲዩሉም ጭምር። ጣሪያውን በየዓመቱ የሚያጸድቀው የክኔሴት የትምህርት ኮሚቴ ነው፤ ትምህርት ቤት እንዳሻው አይጨምርም። ወላጅ አልከፈለም ተብሎ የልጅ ሰርተፊኬት መያዝም ክልክል ነው።

ችግሩ፣ በብዙ ቤት ዕብራይስጡን የሚያነበው ልጁ ነው። የ10 ዓመት ልጅ የቤቱ ጸሐፊ ሆኗል። (ቤን ይሁዳ በዚያው በኢትዮጵያ ጎዳና ሲኖር ዕብራይስጥን የቤት ቋንቋ ለማድረግ ነበር የደከመው፤ እኛ ቤት ግን ገና በልጅ አፍ ነው የሚገባው።) ስለዚህ ታናናሾቻችን፣ ለእናታችሁ ድምሩን ብቻ አትንገሯት፤ ሆቫውን ከረሹቱ ለይታችሁ አንብቡላት። እናንተም ወላጆች፣ ካልቻላችሁ ዝም ብላችሁ ልጁን አታስቀሩ፤ ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ቅናሽ ጠይቁ። ደብዳቤውን በዕብራይስጥ መጻፍ የእኛ የወጣቶቹ ሥራ ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ ብቻ ከቲዩሉ በፊት ይሁን።