ውሻችን ሲታመም በምን እናውቃለን? ምንስ እናድርግ?



 ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤታችን ውሻ ነው። «ውሻ ከምጣድና ከእንስራ ንጽሕና ጋር ምን አገናኘው?» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። የሚያገናኘው ልጋጉ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለው ደዌ የሚተላለፈው በታመመው እንስሳ ልጋግ ውስጥ ባለ ቫይረስ ነው፤ ይኸውም በዓይን የማይታይ እጅግ ጥቃቅን የበሽታ ዘር ነው። ውሻው ሲነክስ፣ ሲቧጭር ወይም የተላጠ ቁስል ሲልስ ወደ ሰው ይገባል።

በሽታው ለከተማችን እንግዳ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ በብርቱ ተነሥቶ እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ጽፈዋል። ዛሬም በአያትና በቦሌ አራብሳ የጋራ ሕንፃዎች ዙሪያ፣ በቆሻሻ መጣያው አጠገብ፣ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ታያላችሁ። የእናንተ ውሻ ሌሊት ከነሱ ጋር ሲናከስ አድሮ ጠዋት ተመልሶ ከልጃችሁ ጋር ይላፋል።

እንግዲህ መታመሙን በምን እናውቃለን? እብድ ውሻ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው አረፋ እየደፈቀ፣ ያገኘውን እየነከሰ የሚሮጠውን ነው። እሱንማ ልጅም ያውቀዋል፤ ከሩቅ አይቶ ይሸሻል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ዝምተኛውን ነው። መጀመሪያ ጠባዩ ይለወጣል። ተጫዋቹ ይኮራመታል፣ ጨለማ ፈልጎ ከአልጋ ወይም ከጎተራ ሥር ይወሸቃል፤ ተናካሹ ደግሞ ያለ ወትሮው ሰው ይጠጋል። ምግቡን ይተዋል፤ አንዳንዱም እንጨትና ድንጋይ ይቆረጥማል። ድምፁ ይሻክራል። ቀጥሎ የታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ መዋጥ ስለሚያቅተው ልጋጉ ይዝረከረካል፣ የኋላ እግሮቹ ይዝላሉ። ይኼን ጊዜ ደግ እናት «ውይ፣ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ትልና እጇን ጉሮሮው ውስጥ ትሰዳለች። እባካችሁ እናቶቼ፣ ይህን አታድርጉ! ውሻው ሳይነክሳችሁ፣ እጃችሁ ላይ ባለች ጭረት ብቻ በሽታው ሊገባ ይችላል። ድመትም እንዲሁ ናት። ቡችላም «ገና ሕፃን ነው» ተብሎ አይታመንም።

እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ቤተሰብ ልጆቹን ያርቅ፤ ውሻውን ሳይነካ በር ይዝጋበት፤ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ያስታውቅ። ገድሎ ወንዝ ዳር መጣል አይገባም። ደግሞም ሰው የነከሰ ውሻ ሲሞት ጭንቅላቱ ጉለሌ በሚገኘው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሊመረመር ስለሚችል ራሱን በድንጋይ አትቀጥቅጡት።

ሰው የተነከሰ እንደሆነ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚንቆረቆር ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ ይታጠብ። ይኸውም ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ያህል ነው፤ አጭር እንዳይመስላችሁ። ሚጥሚጣና ቅቤ አይደረግበትም። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ! «ውሻው ይሞት እንደሆነ እንይ» እያሉ መቆየት አይገባም። ክትባቱ ተጀምሮ ውሻው ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ ደኅና ከሆነ ክትባቱ ይቁም ወይም ይቀጥል የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። ሐኪሙ አቁሙ እስኪል ድረስ ግን ቁስሉ ደረቀ ብላችሁ ቀሪውን መርፌ አትተዉ።

«እገሌ እኮ ቅጠል ጠጥቶ ድኗል» ስትሉ እሰማለሁ። ውሸት ነው አልልም፤ ሰውዬው በሕይወት አለ። ነገር ግን የተነከሰ ሁሉ አይታመምም፤ የነከሰው ውሻ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ልጋጉም በልብስ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ደግሞም በሽታው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ተደብቆ ይቆያል። ቅጠሉን ጠጥቶ አንድ ወር በሰላም የከረመ ሰው ዳንኩ ይላል። በሽተኛው ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ሐኪምም ቢሆን ሥቃዩን ከማስታገስ በቀር የሚያደርግለት እምብዛም የለውም። ክትባቱ የሚሠራው በሽታው ተደብቆ ባለበት በዚያ ጊዜ ቀድሞት በመድረስ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ያተረፈው በዚሁ መንገድ ነው። ጠበል የሚሻ ይሂድ፤ ብቻ መርፌውን ተወግቶ፣ ቀጠሮውንም ሳያጓድል ይሂድ።

ውሻው ራሱ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም በየዓመቱ። ሌሊት እንዳይዞር ይታሰር፤ ነገር ግን ውሃና ጥላ አይጓደልበት።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ቡችላ ሲነክሰው አለንጋ ፈርቶ ይደብቃል። ማታ እግራቸውን ስታጥቡ ቁርጭምጭሚታቸውንና እጃቸውን እዩ። ጭረት ካገኛችሁ ሳትቆጡ የማን ውሻ እንደሆነ፣ መቼና የት እንደሆነ ጠይቁ። ጤና ጣቢያ ስትመጡ እኛም መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።