ለልጆቻችን የመጀመሪያ ሥራ ስለ ማፈላለግ
(ለሠፈሩ ነዋሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው የውኃ መውረጃ ወይም የመንገድ መብራት ጉዳይ አይደለም። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ እቤት ስለተቀመጠው ልጅ ነው።

እንደሚታወቀው በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ከፊሎቹ በማካካሻ ትምህርት ቢገቡም ብዙዎቹ ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ልጅ «ሰነፍ» ብሎ መዝለፍ እንጀራ አይሆነውም።

የደብረ ብርሃንን ብርድና ብርድ ልብስ ያልሰማ የለም። የብርድ ልብስ ፋብሪካው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ኖሮበታል። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህም ሐበሻና ዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች፣ ኋላም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨምረዋል። ነገር ግን ፋብሪካ በዛ ማለት ልጃችን ሥራ አገኘ ማለት አይደለም። ጠዋት ከበሩ ቆሞ ዘበኛውን «ሰው ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መመለስ ብቻውን ሥራ ፍለጋ አይባልም።

በመጀመሪያ ልጁን እንጠይቀው። እጁ ለብረት ነው ወይስ ለሒሳብ? ቆሞ መዋል ይችላል? ማታ ለመማር ያስባል? የኤሌክትሪክ ሥራ የሚወድ ልጅ ከዕቃ ጫኝነት ይልቅ በአነስተኛ ደመወዝም ቢሆን ከባለሙያ ሥር ቢገባ፣ ወይም ወደ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ቢያመራ ይሻለዋል። የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላ የሚያውቀው ሙያም ይቆጠር።

ሁለተኛ፣ ሕጉን እንወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። 15 ዓመት ሞልቶት 18 ያልሞላው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው የሌሊት ሥራ አይፈቀድበትም። የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ስለዚህ «ለጊዜው ሥራ፣ ስለ ደመወዙ ኋላ እንነጋገራለን» ለሚል አሠሪ ልጁ «በጽሑፍ ይሰጠኝ» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። ይህ ድፍረት አይደለም፣ መብቱ ነው። «መጀመሪያ ገንዘብ አምጣ» ከሚል ደላላም ይራቅ።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱ አስቀድሞ ይዘጋጅ። የትምህርት ማስረጃው ከነኮፒው፣ መታወቂያው፣ ጉርድ ፎቶግራፉና አንድ ገጽ የሕይወት ታሪኩ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ። ማስታወቂያው ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶት መታወቂያ ለማውጣት የሚሮጥ ልጅ ዕድሉ ያመልጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልጁ ፈተናውን አልፎ፣ ሥራው ተገኝቶ፣ «ተያዥ አምጣ» ሲባል የሚቀርበት ጊዜ አለ። በተለይ ገንዘብ ወይም ንብረት በሚያስረክብ ሥራ ላይ አሠሪው ደመወዝተኛ ተያዥ ይጠይቃል። አባቱ የቀን ሠራተኛ፣ እናቱ ጉሊት ቸርቻሪ የሆኑ ልጅ ከየት ያመጣል? ተያዥ መሆን እንደሚያስፈራ እናውቃለን፤ ንብረት ቢጎድል ተጠያቂነት ይከተላልና። ይሁን እንጂ ልጁ ከእጃችን ላይ ያደገ ነው፣ ጠባዩን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛው ነን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ደመወዝ ያላችሁ፣ የዋስትናውን ወረቀት በሚገባ አንብባችሁና እስከ ስንት ብር እንደምትጠየቁ ለይታችሁ፣ ለምታውቁት ለአንድ ልጅ ብቻ ተያዥ ለመሆን ስማችሁን ለኮሚቴው አስመዝግቡ። በምትሠሩበት ቤት ክፍት ቦታ ሲወጣም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። ባለ ጋራዦች፣ ባለ ልብስ ስፌቶችና ባለ እንጨት ሥራዎችም አንድ አንድ ልጅ አስጠጉልን።

እናንተም ልጆች፣ ተያዥ የሆነላችሁን ሰው አታሳፍሩ፤ የእናንተ ታማኝነት ከኋላችሁ ለሚመጣው ልጅ በር ይከፍታልና።