በሰሜን ጫፍ ሳልሞን ስለ ማጥመድ
(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የማወራላችሁ ኖርዌይንና ፊንላንድን አዋስኖ ወደ ባሬንትስ ባሕር ስለሚፈስ አንድ ወንዝ ነው። ኖርዌዮች ታና ይሉታል፤ የአገሩ ተወላጆች ሳሚዎች ደግሞ ዴአትኑ ይሉታል። ስሙ ከሐይቃችን ከጣና ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም።

አገሩ ዛፉ አጭር፥ ሰዉ ጥቂት፥ ዝምታው ብዙ የሆነ ምድረ በዳ ነው። በሰኔ ወር ፀሐይ ከቶ ስለማትጠልቅ አጥማጁ በእኩለ ሌሊት እንደ ቀን እያየ ያጠምዳል። ጀልባው ረጅምና ጠባብ ነው። ቀዛፊው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር እያቋረጠ ጀልባውን በቀስታ ወደ ታች ይለቀዋል፤ አጥማጁም በላባና በጠጕር ያጌጠውን መንጠቆ በስተኋላ ያስከትላል። ትንኙ እየነደፈው ብዙ ሰዓት ምንም ሳያገኝ ይቀመጣል። ዓሣው በነከሰ ጊዜ ግን ትግሉ ብርቱ ነው። በ1928 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዚህ ወንዝ 36 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሳልሞን በዘንግ ተይዞ ነበር፤ በዚህ መንገድ ከተያዙት የአትላንቲክ ሳልሞኖች ሁሉ ትልቁ ተብሎ ተመዝግቧል።

የሳልሞን ጠባይ የሚያስደንቅ ነው። በወንዝ ጠጠር ውስጥ ተፈልፍሎ ጥቂት ዓመታት ካደገ በኋላ ወደ ባሕር ይወርዳል። በባሕር ከወፈረ በኋላም የተወለደበትን ውሃ በሽታው ለይቶ ይመለሳል። ወንዝ ከገባ ወዲያ ምግብ አይፈልግም፤ ኃይሉን ሁሉ ዘር ለመተካት ያውለዋል። እንግዲህ በመንገድ ላይ የተያዘው ዓሣ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሊወለድ የነበረው ትውልድም አብሮት ይቀራል።

ቀድሞ ብዙ በመጠመዱና ከባሕር በሕይወት የሚመለሰው በማነሱ ቍጥሩ እየመነመነ ሄደ። ስለዚህ በ2021 ሁለቱ መንግሥታት በታና ሳልሞን ማጥመድን ከለከሉ። ለመዝናናት የሚመጣው እንግዳ ወደ ሌላ ወንዝ መሄድ ይችላል። ሳሚው ግን ወዴት ይሄዳል? መረብ አሠራሩን፥ ጀልባ አነዳዱን፥ የውሃውን ስም ሁሉ ከአባቱ የተማረው በዚያው ወንዝ ላይ ነው። መረቡ ተሰቅሎ በቈየ መጠን ልጁ የሚማረው እያነሰ ይሄዳል። ዓሣውን ለማዳን የወጣው ሕግ ተገቢ ሲሆን፥ ዕዳው ይበልጥ የከበደው ከሁሉ አስቀድሞ በወንዙ ይኖር በነበረው ሕዝብ ላይ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሐይቃችን በጣና ባርበስ ከሚባሉት ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጕማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወራት በወንዞቹ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው ለአንድ ቀን ብዙ ያገኛል፤ ለልጁ ግን ባዶ ውሃ ያወርሰዋል። ክልከላ ሳይመጣ በፊት በልክ ማጥመድ ከክልከላ በኋላ ከመቈጨት ይሻላል።